የአያቴን የኮሪያ ፎቶግራፍ ላዳነልን ባለሙያ

እግዚአብሔር ውለታህን ይክፈልህ ወንድሜ! ይህ ሥራ በአደባባይ ሳይመሰገን መታለፍ የለበትም።

አያቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከተንቀሳቀሰው ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተዋል፤ አንድም ወታደር ካልተማረከበት ከዚያ ጦር ጋር። ከመሄዳቸው በፊት የተነሡት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ቀርቶናል። በደርግ ጊዜ ኮሚኒስት የተዋጋ ሰው ምስል ግድግዳ ላይ መስቀል ያስፈራ ስለነበር፣ ሴት አያቴ ከነመስተዋቱ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ደበቀችው። እርጥበት ገብቶበት ከመስተዋቱ ጋር ተጣበቀ፤ ግንባራቸውና አንድ ቅንድባቸውም ጠፋ።

ስንት ፎቶ ቤት ደጅ ጠናሁ! አንዱ በቅጡ ሳያየው «አይሆንም» ብሎ መለሰኝ። ሌላው ቀብድ ተቀብሎ ሲያመላልሰኝ ከረመና የማናውቀውን ሰው ሰጠን፤ መልካቸውን አቅልቶ፣ ገና ባልዘመቱ ሰው ደረት ላይ ኒሻን ደርድሮ። እናቴ አየችውና «ይህ ደግሞ ማን ነው?» አለች። አንጀቴ አረረ። ቀብዱም እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

አራት ኪሎ ያገኘሁት ባለሙያ ግን መጀመሪያ ያለኝ «መስተዋቱን እንዳትነኪው፤ ከተላቀቀ ፊታቸው እዚያው ይቀራል» ነው። እንዳለ ከነመስተዋቱ ፎቶ አነሣው። ከዚያ በኋላ በኮምፒውተሩ ምን እንዳደረገ ዛሬም አልገባኝም። የማልረሳው እናቴን አስመጥቶ ከጎኑ ማስቀመጡን ነው። «እማማ፣ ቅንድባቸው እንዲህ ነበር?» ይላታል፤ «ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ ልጄ» ትለዋለች። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ እንኳን አላጣደፋትም። ድንገት «አባዬ!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትጥል እጁን ከሥራው አንሥቶ እስክትረጋጋ ዝም ብሎ ጠበቃት። የኮታቸው ጫፍ ፈጽሞ የጠፋበትን ቦታ ግን እንደጠፋ ተወው፤ «ያላየሁትን አልሥልም» አለን። እንዲህ ያለ ታማኝ ባለሙያ የት ይገኛል? ለአክስቶቼ ላሳተምነው ቅጂም ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ሞገተኝ።

የአርበኛ አያት፣ የዘማች አባት ወይም ወንድም ፎቶግራፍ በየሣጥኑ ያስቀመጣችሁ፣ እባካችሁ ለዚህ ሰው ስጡት። ራሳችሁ ለማላቀቅ አትሞክሩ፤ ከነፍሬሙ ውሰዱት። መልካቸውን የሚያስታውስ ሽማግሌ ወይም አሮጊት በሕይወት ካለ ይዛችሁ ሂዱ፣ ዛሬ ነገ አትበሉ። አድራሻውን ለጠየቀኝ ሁሉ በደስታ እልካለሁ። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ አረጋውያን ይዛችሁ ከሆነ ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል።