ያገለገሉ የኤስአይኢ መሰናዶ መጻሕፍት፦ የአክሲዮኑ ምዕራፍ ዛሬም ያዋጣል?

ኤስአይኢ አሜሪካ ውስጥ በአክሲዮንና ቦንድ ገበያ መሥራት ለሚፈልጉ የሚሰጥ የመግቢያ ፈተና ነው። ከ2024 በፊት የታተሙት የመሰናዶ መጻሕፍቱ በርካሽ ይገኛሉ፤ በመሠረታዊው የአክሲዮን ትምህርት አይታሙም። የድምፅ አሰጣጡ ስሌት ያው ነው፦ ሦስት የቦርድ መቀመጫ ሲመረጥ 100 አክሲዮን ያለው ሰው 300 ድምፅ አለው። በድምር አሠራር ሁሉንም ለአንድ ዕጩ መስጠት ይችላል፤ በመደበኛው ግን ለአንድ መቀመጫ ከ100 አያልፍም። ይህን ደጋግመው ይሥሩት።

የሚያሳስተው የትርፍ ድርሻው ክፍል ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሜይ 28 ቀን 2024 ጀምሮ የአክሲዮን ርክክብ የሚጠናቀቀው ከግዢው በማግስቱ ባለው የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ የባለድርሻዎች መዝገብ የሚታየው ሐሙስ ከሆነ፣ በተለመደው አሠራር የትርፍ ድርሻውን የሚያገኘው እስከ ረቡዕ የገዛ ነው። ርክክቡ ሁለት የሥራ ቀን ይወስድ በነበረበት በአሮጌው ስሌት ግን የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ ነበር። ገጹን በእርሳስ አርመው፣ የፈተናው አዘጋጅ የሆነውን የፊንራን ነፃ የልምምድ ፈተና ይጨምሩበት።