ለጋሼ ምስጋና፤ በቤት የተሠራ አውሮፕላን ለምታበሩ ሁሉ ጥቆማ

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ያደረጉልንን በስልክ አመስግነን ዝም ማለት ስለከበደን ነው በአደባባይ የምንጽፈው።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ራሳችሁ የገጣጠማችሁትን ወይም ከሠራው ሰው የገዛችሁትን አውሮፕላን የምታበሩ፣ ገና ጋራዥ ውስጥ ሪቬት እየመታችሁ ያላችሁም፣ ለሽቦ ሥራና ለሙቀት መለኪያ ሰው ከፈለጋችሁ እኚህን ሰው ያዙ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልወደዱ "ጋሼ" ብለን እንቀጥላለን። ስልካቸውን ለጠየቀን ሁሉ በውስጥ መስመር እንልካለን፤ ይህን ፈቅደውልናል።

አውሮፕላናችን ሁለት ሰው የሚይዝ ቫንስ አርቪ-7 ነው። ሞተሩ ላይካሚንግ ኦ-360፣ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ኤሌክትሪኩ 14 ቮልት። ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የዘይቱ ሙቀት 190 ፋራናይት ላይ በደህና ቆይቶ ለማረፍ ሲቃረብ ብቻ ወደ ቀዩ መስመር፣ ወደ 245 ይገሰግሳል። ሁለተኛው፣ ከአራቱ ሲሊንደሮች ሦስተኛው ከሌሎቹ በጣም ቀዝቅዞ ይነበባል። በአርቪ ላይ ሦስተኛው ከኋላ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከሚሞቁት አንዱ ነው፤ ቀዝቅዞ መታየቱ ብቻውን ባለሙያን ሊያስደነግጥ ይገባል።

ጋሼ ዘንድ ከመድረሳችን በፊት የሠሩልንን ሰዎች ስም አናነሳም። ያደረጉትን ግን እንናገራለን። አንደኛው ቦታ የዘይት ማቀዝቀዣው ተደፍኗል ብሎ ቀየረው፤ ችግሩ እንዳለ ነው። ሌላው ቬርናተርሙን (ዘይቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚመራውን ቫልቭ)፣ ቀጥሎ ሴንሰሩን ቀየረ፤ አሁንም እንዳለ ነው። በመጨረሻ "ሞተሩ ደክሟል፣ ኦቨርሆል ይፈልጋል" ተባለ። ኦቨርሆል ማለት ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ማደስ ነው፤ በአሥር ሺህዎች ዶላር የሚቆጠር ወጪ ነው። ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር ስንጠይቅማ "ቀዝቃዛ ከሆነ ምን አስጨነቃችሁ?" የሚል መልስ ተሰጠን። ገንዘቡ ይቅር። ያ ሁሉ ዕቃ ሲቀየር፣ ያ ሁሉ ደረሰኝ ሲጻፍ፣ አንድም ሰው ማልቲሜትር አውጥቶ ሽቦውን አለመለካቱ ነው የሚያንገበግበው።

እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባችሁ ነገር አለ። በአሜሪካ ሕግ አማተር-ቢልት (በግለሰብ የተሠራ) ተብሎ በተመዘገበ አውሮፕላን ላይ ማንም ሰው መፍቻ ይዞ መሥራት ይችላል። ፈቃድ የሚጠየቀው በየዓመቱ ለሚደረገው የኮንዲሽን ኢንስፔክሽን ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ የሚፈርመው ኤ ኤንድ ፒ (የአውሮፕላን አካልና ሞተር ፈቃድ ያለው) ሜካኒክ ወይም ለዚያው አውሮፕላን የሪፔርማን ሰርተፊኬት ያለው ሠሪው ነው። ነጻነቱ መልካም ነው፣ እኛም የምንወደው ለዚህ ነው። ግን የመኪና ሬዲዮ የገጠመ ሁሉ የአውሮፕላን ሽቦ ይቀጥላል ማለትም ነው። ስለዚህ በሥራው የተፈተነ ሰው ስታገኙ ለሌላው ጠቁሙ።

ጋሼ የመጡ ዕለት ኮፈኑን እንኳ አላስከፈቱም። "ሙቀቱ የሚጨምረው አየሩ ሲሞቅ ነው ወይስ መብራት ስታበሩ?" ሲሉ ጠየቁ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀንም። ሞተሩ ተነስቶ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ዲናሞው ቻርጅ እያደረገ ሳለ የማረፊያ መብራቱን አበሩ፤ ንባቡ ወዲያው ዘለለ። አጠፉት፤ ወረደ። የፒቶት (የፍጥነት መለኪያው ቱቦ) ማሞቂያውን ጨመሩበት፤ ይበልጥ ዘለለ። "ስምንት ኳርት ዘይት በአንድ ሴኮንድ አይሞቅም፣ በአንድ ሴኮንድም አይበርድም። ልጆቼ፣ ሞተራችሁ ጤነኛ ነው። የታመመው ማሳው ነው" አሉን፤ ማሳ ማለት ከረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የብረት አካል ነው። ያ ሁሉ ወጪ ያላገኘውን በሽታ አንድ የመብራት ማብሪያ አገኘው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ከማቀፊያው ጋር የሚያያዘው በጎማ ላይ ተቀምጦ ነው፤ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከክራንክኬሱ (ከሞተሩ አካል) ወደ ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከካቢኑ ወደሚለየው ግድግዳ) የሚሄድ ወፍራም የማሳ ካቦ የግድ ያስፈልጋል፤ የሞተሪኖውም (የሞተር ማስነሻው) የዲናሞውም ከረንት የሚመለሰው በእሱ በኩል ነው። የእኛ ካቦ የታሰረው ፓውደር ኮት በተቀባው የማቀፊያ ቱቦ ላይ ነበር። ፓውደር ኮት ፕላስቲክ ነው፤ ከረንቱ በቡሎኑ ጥርስና በነዳጅ መስጫው ኬብል በኩል እየተሹለከለከ ነበር የሚያልፈው። እንዲህ ያለው ኬብል ሞተሪኖው በተመታ ቁጥር ይግላል፣ አንድ ቀን ሊጣበቅ ይችላል። የዘይቱ ሴንሰር ደግሞ ባለ አንድ ሽቦ ነው፤ መመለሻው የሞተሩ አካል ነው፣ ሲሞቅም ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። መብራት ሲበራ ዲናሞው ብዙ ከረንት ይሰጣል፣ የሞተሩ አካል ቮልቴጅ ከአውሮፕላኑ ማሳ በታች ይወርዳል፣ መለኪያው ያንን ቅናሽ እንደ ሙቀት ያነበዋል። ለማረፍ ሲቃረብ ብቻ የሚጨምረው ለዚህ ነበር፤ መብራቱ የሚበራው ያኔ ነውና።

ጋሼ ይህን በግምት አልተዉትም። ማልቲሜትሩን በዲሲ ሚሊቮልት አድርገው አንዱን ጫፍ ክራንክኬሱ ላይ፣ ሌላውን ፋየርዎሉ ላይ አሰሩ። ሽቦዎቹን አስረዝመው ያነበቡት ግን ካቢን ውስጥ ተቀምጠው ነው፤ ፕሮፔለር እየዞረ ማንም እጁን ኮፈን ውስጥ አይሰድም። መብራቶቹ ሲበሩ ከ150 ሚሊቮልት በላይ ነበር። ከዚያ ቁጥር 2 (በአሜሪካ መለኪያ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) ተጣጣፊ ካቦ በሁለቱም ጫፍ በፕሬስ የታተመ የመዳብ ተርሚናል አድርገውለት፣ አንዱን በቀጥታ ክራንክኬሱ ላይ፣ ሌላውን ፋየርዎሉን አልፎ በሚገባ የናስ ቡሎን ላይ፣ ብረቱ እስኪያበራ ፍቀው አሰሩት። እንደገና ሲለካ ከ5 ሚሊቮልት በታች። የዘይቱ ንባብም መብራት ቢበራ ቢጠፋ ንቅንቅ አይልም።

ሦስተኛው ሲሊንደር ግን ከዘይቱ የባሰ ነበር፤ እሱ ነው የሚገድለው። የሲሊንደር ሙቀት የሚለካው በቴርሞካፕል፣ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ብረቶች በተገጣጠመ ሴንሰር ነው። ጄ ዓይነቱ ብረትና ኮንስታንታን ሲሆን በአሜሪካ ቀለም ነጭና ቀይ ነው፤ ኬ ዓይነቱ ክሮሜልና አሉሜል ነው፣ ቢጫና ቀይ። በሁለቱም ቀዩ ኔጌቲቭ ነው። መኪና ላይ ቀዩ ፖዘቲቭ ስለሆነ መኪና የለመደ ኤሌክትሪሺያን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከተገለበጠ ሞተሩ ሲሞቅ ንባቡ ይወርዳል፤ ያ ወዲያው ይታያል። የማስረዘሚያው ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ከተገለበጠ ግን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ትክክል መስሎ ይታይና ኮፈኑ ውስጥ ሲሞቅ ይሳሳታል።

የእኛ የተገለበጠ አልነበረም። ሴንሰሩ ሲቀየር ሽቦው አጥሮ ተገኝቷል፣ የቀየረው ሰው ደግሞ ከሲሊንደሩ ጀርባ ተራ የመዳብ ሽቦ ቀጥሎበት፣ ናስትሮ ጠምጥሞበት ሄዷል። ቴርሞካፕል የሚለካው የሁለቱን ጫፎች የሙቀት ልዩነት ነው፤ ቀዝቃዛው ጫፍ መለኪያው ዘንድ እንደሆነ ተደርጎ ይታሰባል። መዳብ ከተቀጠለበት ቀዝቃዛው ጫፍ ቅጥያው ይሆናል። ቅጥያው ኮፈን ውስጥ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ መለኪያው ካቢን ውስጥ 25 ከሆነ ንባቡ በ45 ዲግሪ ይወርዳል፤ በፋራናይት 81። ስለዚህ 370 ፋራናይት ብሎ የሚያሳየን ሲሊንደር እውነቱ 450 ገደማ ነበር። የላይካሚንግ የመጨረሻ ወሰን 500 ነው፤ ለረጅም ዕድሜ ግን ከ435 በታች እንዲያዝ አምራቹ ይመክራል፣ ብዙ አብራሪዎች ከ400 አያሳልፉትም። እኛ "ቀዝቃዛ ነው" እየተባልን የምናበረው ሲሊንደር ከአራቱ የሞቀው ነበር። ጋሼ ቅጥያውን ቆርጠው ከሴንሰሩ እስከ መለኪያው ሙሉውን በጄ ዓይነት ማስረዘሚያ ሽቦ ተኩት፤ ሴንሰሩንም የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው አረጋገጡ። (እዚህ በባሕር ጠለል አጠገብ 100 ማንበብ አለበት። ይህን ፈተና አዲስ አበባ የሚሞክር ሰው ውሃው እዚያ 92 ገደማ ላይ እንደሚፈላ ያስብ።) ያ ሲሊንደር እውነተኛ ሙቀቱን ካሳየ በኋላ ከበስተጀርባው የአየር መከለያው ክፍተት ተገኘ፣ ተደፈነ፣ ሙቀቱም ወረደ።

ከሁሉ በላይ የማንረሳው ግን ያልጠየቅናቸውን ማየታቸው ነው። ቀኝ ማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጨው) ላይ የፒ-ሊዱን ሽቦ በባትሪ መብራት አይተው ዝም አሉ፣ ከዚያ ቁልፉን ከውስጥ አስወጡና ኪሳቸው ከተቱት። ሽቦው ካሉት 19 ክሮች አብዛኞቹ ተርሚናሉ ሥር ተበጥሰዋል። ፒ-ሊድ ማለት ቁልፍ ሲጠፋ ማግኔቶውን ከማሳ ጋር አገናኝቶ ዝም የሚያሰኘው ሽቦ ነው። ከተበጠሰ ቁልፉ ጠፍቶም ካንዴላው እሳት ይሰጣል፤ ፕሮፔለሩን በእጁ ያንቀሳቀሰ ሰው ሞተሩ ሊነሳበት ይችላል። ባለ ሺልድ (ጩኸት የሚከላከል የብረት ሽፋን ያለው) ቁጥር 18 ሽቦ አዲስ ዘረጉ፤ ሺልዱን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ያገናኙት ማግኔቶው ዘንድ ብቻ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ ከተገናኘ ሬዲዮ ውስጥ ጩኸት ያስገባልና። ለዚህ ሥራ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉም። "ይህ በዋጋ አይገባም፤ ከበረራ በኋላ ሁሌ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እያለ ቁልፉን ለቅጽበት ወደ ኦፍ አድርጋችሁ መልሱት፣ መሞት ካልጀመረ ማንንም ወደ ፕሮፔለሩ አታስጠጉ" ብለው ነው የሄዱት። ልጆች ሃንጋር ውስጥ የሚሯሯጡበት ቀን ብዙ ነው። ጋሼ፣ ብድርዎን ፈጣሪ ይክፈል።

ሲሠሩ ደግሞ አይደብቁም፣ ያስተምራሉ። በተራ ፒንሳ የተጨፈለቀ ተርሚናል ካዩ ይቆርጡታል፤ ራቼት ባለው ክሪምፐር፣ የሽቦውን ሽፋን ጭምር የሚይዝ ተርሚናል ነው የሚጠቀሙት፤ ቀዩ ከ22 እስከ 18 ቁጥር ላለው፣ ሰማያዊው ለ16 እና ለ14፣ ቢጫው ለ12 እና ለ10። ናሙና አሳትመው ያስጎትቱናል፤ ቁጥር 22 ሽቦ 15 ፓውንድ፣ ቁጥር 18 ደግሞ 38 ፓውንድ ሳይነቀል መቻል አለበት። ሽቦው ኤም 22759/16፣ ማለትም 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል፣ ቴፍዘል የተባለ ሽፋን ያለው ካልሆነ አይነኩትም፤ የመኪና ፒቪሲ ሽቦ ካቢን ውስጥ ቢቃጠል ጭሱ ከእሳቱ ቀድሞ አብራሪውን ያጠቃል። ሞተር ማቀፊያ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ካዩም ይቆርጣሉ፤ አቧራ ይዞ ከንዝረቱ ጋር ቱቦውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ በምትኩ ጎማ የለበሰ አዴል ክላምፕ ይገባል። የጭስ ማውጫ ሙቀት ሴንሰሮችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ አራቱም ከፍላንጁ (ቱቦው ከሲሊንደሩ ከሚያያዝበት) እኩል ርቀት ላይ፣ ከ2 እስከ 4 ኢንች ባለው ውስጥ ይሁኑ፤ አለበለዚያ አንዱን ከሌላው ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ወገኖቻችን፣ ደግመን እንላለን፦ ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት፣ ውድ ዕቃ ከማስቀየራችሁ በፊት ጋሼን ጥሩ። የሚያስከፍሉት ሌሎቹ በከንቱ ከቀየሩት የአንዱ ዕቃ ዋጋ እንኳ አይሞላም። ትሑት ናቸው፣ ሰዓት ያከብራሉ፣ የማያውቁትን "አላውቀውም" ይላሉ።

ስትደውሉ የሽቦ ንድፋችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ከሌላችሁ የትኛው ፊውዝ የትኛውን ሽቦ እንደሚጠብቅና የሽቦውን ቁጥር በወረቀት ጻፉ። ሴንሰሮቹ ጄ ወይም ኬ መሆናቸውን ከሽቦው ቀለም አይታችሁ ንገሯቸው። ንባቡ የሚዘልበትን ሰዓት፣ ያኔ የበሩትን መብራቶችና የቮልት ንባቡን መዝግቡ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ይገኛሉ። እሑድ አይደውሉላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።