«30 ነጥብ ይጨምራል» የሚለውን ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት

ቱርቦ ያለው ወይም ሌላ ጉልበተኛ መኪና የምትነዱ ሰዎች፣ ይቺን አንብባችሁ እለፉ። ኦክቴን (የቤንዚን ደረጃ ቁጥር) ማሳደጊያ እየተባለ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ ብዙ ሰው እየሸወደ ነው።

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ገዝቶ አመጣው። ሻጩ «ወንድሜ፣ ተራውን ቤንዚን ቅዳና ይሄን ጨምርበት፣ ውድ ነዳጅ መግዛት ቀረልህ» ብሎታል። ጠርሙሱ ፊት ላይ በትልቁ «30 ነጥብ ይጨምራል» ይላል። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው፣ ዓይን በሚያስጨንቅ ጥቃቅን ፊደል 1 ነጥብ ማለት 0.1 ኦክቴን ነው ይላል። አያችሁ ጨዋታውን? 30 ነጥብ የተባለው 3 ቁጥር ብቻ ነው። ያውም «እስከ» የምትል ቃል አለችበት። 91 የነበረው ቤንዚን ቢበዛ 94 ይሆናል፣ የሱ መኪና የሚፈልገው ደግሞ 98 ነው። እውነት 30 ቢጨምር ኖሮማ 121 ይገባ ነበር፣ እንዲህ ያለ ቤንዚን የሚቀዳ ማደያ እስኪ አሳዩኝ። «5 ነጥብ» የሚሉት ደግሞ ይብሳሉ፣ ግማሽ ቁጥር ነው የሚሸጡላችሁ።

ለስንት ሊትር እንደሆነም እዩ። ታንካችሁ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ከበለጠ ያቺው 3 ቁጥርም ትቀንሳለች።

አንዳንዶቹ ይሠራሉ፣ አልክድም። ግን በምን እንደሚሠሩ እወቁ። ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ያለው የማንጋኒዝ ወይም የብረት ውህድ ነው። ሲቃጠል ብናኙ ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሰው ካንዴላ ላይ ይቀመጣል። ደጋግማችሁ ከተጠቀማችሁ በኋላ ካንዴላውን ብታስፈቱት ነጩ ሸክላ የዝገት ቀለም ይዞ ታገኙታላችሁ። ያ ሽፋን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ እሳቱ በቦታው መተኮሱን ይተውና ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ የካንዴላውም የመካኒኩም ሂሳብ የእናንተ ነው፣ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ለመሆኑ ኦክቴን ምንድን ነው? ብዙ ሰው የጉልበት መለኪያ ይመስለዋል። አይደለም። ቤንዚኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት ቀድሞ በራሱ እንዳይቀጣጠል ምን ያህል እንደሚችል የሚለካበት ቁጥር ነው። ቱርቦ ያለው ወይም በጣም የሚያምቅ ሞተር ከፍ ያለ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ዝቅ ያለ ስትሰጡት ያንኳኳል፤ አዳዲሶቹ መኪኖች ይሄን በሴንሰር ሰምተው የካንዴላውን መተኮሻ ሰዓት ያዘገዩታል፣ ሞተሩ ይተርፋል ግን ጉልበቱ ይወርዳል፣ ነዳጅም ይበላል፣ ማደያው ላይ አተረፍኩ ያላችሁት በዚያ በኩል ይወጣል። ጭነት ሲበዛና ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ሴንሰሩም ላይደርስለት ይችላል፣ ፒስተን የሚበላው ያኔ ነው። በተቃራኒው መኪናችሁ ተራውን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ውዱን መቅዳት ብር መድፋት ነው።

ሌላው ወጥመድ ቁጥሩ ራሱ ነው። አሜሪካና ካናዳ ማደያ ላይ የሚጻፈው የሁለት መለኪያዎች አማካይ ነው። አውሮፓና አብዛኛው ዓለም የሚጠቀመው ግን ከሁለቱ አንዱን፣ አር ኦ ኤን (RON) የሚባለውን ነው፣ እሱ ደግሞ ለዚያው ቤንዚን ከ4 እስከ 5 ያህል ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መኪና የነዳጅ ክዳኑ ጀርባ 91 ቢል፣ በአር ኦ ኤን 95 ወይም 96 አካባቢ ማለት ነው። ይሄን መኪና «91 ይበቃዋል፣ እዚያው ተጽፏል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ አውቆ ነው፤ 91 አር ኦ ኤን ከቀዳችሁለት የአሜሪካውን 87 ገደማ ሰጣችሁት። የነዳጅ ክዳኑን ከፍታችሁ ከቁጥሩ ጎን ያለውን ፊደል አንብቡ። «ይመከራል» ወይስ «የግድ ነው» እንደሚልም እዩ። የመጀመሪያው ትንሽ ይታገሳል፣ ሁለተኛው አይታገስም።

ያገለገለ መኪና ከሆነና ኮምፒውተሩ ጉልበት እንዲጨምር ተነካክቶ ከሆነ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን እርሱት። የነካካው ሰው በስንት ኦክቴን እንዳስተካከለው ጠይቁ፣ ከተቻለ በጽሁፍ። መልስ ከሌለው እኔ ብሆን ያንን መኪና አልገዛም።

ጠርሙስ ከመግዛት መቀላቀል ይሻላል። ግማሽ ታንክ 98 እና ግማሽ ታንክ 92 ሲደባለቅ 95 ገደማ ይወጣዋል፣ ካንዴላም አያበላሽም። ዝቅ ያለውን ተሳስታችሁ ሞልታችሁ ከሆነም አትደንግጡ። ነዳጅ አትርገጡ፣ ከባድ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ከዝቅተኛ ዙር አታስጎትቱት፣ ታንኩ ግማሽ ሲደርስ በከፍተኛው ሙሉት። ዳገት ላይ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ እግራችሁን አንሱና ማርሽ ቀንሱ።