ፍሬን ሲጠነክር ምን ይገዛ? አዲስ ኮፒ ሰርቮ፣ ያገለገለ ኦሪጂናል ወይስ አንድ ቱቦ

«ፍሬኑ ድንጋይ ሆነብኝ፤ ሰርቮ ከየት ልግዛ?» ሳይሉኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ሰርቮ ማለት የሞተሩን መሳብ (ቫኪዩም) ተጠቅሞ የእግርን ግፊት የሚያግዝ፣ ከፔዳሉ ፊት ያለ የቆርቆሮ ከበሮ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ ከግዢ መጀመሩ ያናድደኛል። እዚህ ጎንደር አንድ ጎረቤቴ ለኮሮላው አዲስ ኮፒ ሰርቮ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ አስገጠመ፤ ፔዳሉ ግን እንደ ነበረው ቀረ። ጥፋቱ የተገኘው ከሞተሩ ወደ ሰርቮው በሚሄደው የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነበር፤ የውስጡ ሽፋን ግን ተልጦ መንገዱን ዘግቶታል። ሰርቮውን የሸጠለት ሰው «አንድ ጊዜ ተገጥሟል» ብሎ አልመልስም አለ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ቱቦውና በእርሱ ላይ ያለው፣ አየርን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ይቅደሙ። ሰርቮው ራሱ መሞቱ ከተረጋገጠ ያገለገለ ኦሪጂናል ይገዛ። አዲስ ኮፒ ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ የሚመጣ ነው።

ስለ ዋጋ ብዙዎች የሚሳሳቱት የዕቃውን ዋጋ ብቻ ስለሚቆጥሩ ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር በሚቀጥለው ወር ያሳስታችኋል፤ አቆጣጠሩን ግን ያዙት። ያገለገለ ኦሪጂናል ሰርቮ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲሱ ኮፒ ይወደዳል፤ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። በኮፒው ላይ የአውቶቡስ ጭነቱን፣ ከፔዳሉ ሥር ገብቶ ብሎኖቹን የሚፈታውን መካኒክ የእጅ ዋጋ፣ የፍሬን ዘይቱንና አየር የማስወጣቱን ሥራ ደምሩ። ኮፒው ከተበላሸ ይህ ሁሉ እንደገና ይከፈላል፤ ያን ጊዜ ርካሹ ከውዱ በልጦ ያልፋል። ቱቦና ቫልቭ ግን አንድ ላይ ሆነው ሰርቮ ለማስፈታት ብቻ ከምትከፍሉት የእጅ ዋጋ እምብዛም አይበልጡም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በእግራችሁ ፈትሹ። ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፤ ሲጠነክር እግራችሁን ሳታነሡ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው እየሠራ ነው። ካላለ ቱቦውን ከሰርቮው ላይ ንቀሉና ሞተሩ እየዞረ ጫፉን በአውራ ጣት ዝጉት። ጣትን አጥብቆ ከሳበ ሞተሩ ድርሻውን ተወጥቷል፤ ጥርጣሬው ወደ ሰርቮው ይዞራል። ካልሳበ ችግሩ ቱቦው ወይም ሞተሩ ዘንድ ነውና ሰርቮ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ የማያቋርጥ የአየር ፉጨት ከዳሽቦርዱ ሥር ከተሰማና የሞተሩ አዟዟር ከተዛባ የሰርቮው የውስጥ ጎማ ተቀዷል ማለት ነው። ሞተሩ እንደጠፋ የመጀመሪያው ርግጫ ወዲያው የሚጠነክር ከሆነ ደግሞ ቫልቩን አውጥታችሁ በአፍ ንፉ። ከሰርቮው በኩል ሲነፋ አየር ማሳለፍ አለበት፤ ከሞተሩ በኩል ሲነፋ ማሳለፍ የለበትም። በሁለቱም በኩል ካሳለፈ የሚገዛው እርሱ ብቻ ነው።

የቫኪዩም ጌጅ መግዛት ለሚችል ሰው ከሁሉም በላይ የምመክረው እርሱን ነው። ነገር ግን ጎንደር ላይ ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጌጁ ፊት ላይ «ደህና» ተብሎ በአረንጓዴ የተቀባው ክፍል ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። እዚያ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲዞር ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ) ያሳያል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ሰባት ኢንች ያህል ይጎድላል፤ እዚህ ከ10 እስከ 15 ማሳየቱ ጤና ነው። ይህን ባለማወቅ «ሞተሩ ደክሟል» ተብሎ ያለ ጥፋቱ የተፈታ ሞተር አይቻለሁ፤ ባለቤቱ የከፈለው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ፔዳሉ እዚያ ከመተማ ቆላ ይልቅ ጠንከር ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ቆላ ላይ ራሱን የደበቀ ደካማ ቱቦ የሚጋለጠውም ሊማሊሞን ለመውረድ ስትዘጋጁ ነው። በዚያ ቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ሰው በሰርቮው ውስጥ የቀረው ቫኪዩም ለጥቂት ርግጫ ብቻ እንደሚበቃ ይወቅ።

የጌጁ መርፌ ጠባይም ይናገራል። ሳይወዛወዝ ዝቅ ብሎ ከቆመ የአየር ሾልኮ መግባት ወይም የዘገየ ታይሚንግ (እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ነው። ከተንቀጠቀጠ የሞተሩን ቫልቮች ጠርጥሩ። ነዳጅ ሰጥታችሁ ስትይዙት ቀስ በቀስ ከወረደ ደግሞ የጭስ መውጫው ተዘግቷል።

ቱቦ ሲገዛ ርካሹን የውኃ ወይም የነዳጅ ቱቦ ቆርጦ መግጠም የተለመደ ነው፤ እባካችሁ አትቀበሉ። ቀጭን ቱቦ ሲሞቅ በመሳቡ ኃይል ይጣበቅና ራሱን ይዘጋል፤ ሲቀዘቅዝ ይከፈታል። መካኒኩ ጠዋት ደህና ያገኘው መኪና ከሰዓት ፍሬኑ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ግድግዳው ወፍራምና በውስጡ ክር የታሰረበትን ምረጡ፤ በጣት ስትጫኑት በቀላሉ የሚተኛ ከሆነ ተዉት። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ በተዞሩ መኪኖች ላይ ቱቦው ተቀጣጥሎ ሊሆን ይችላልና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጃችሁ ዳብሱ።

ኮፒ ሰርቮን የምጠላው በግትርነት አይደለም። ከፊት ለፊቱ ወጥቶ ማስተሩን (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከውን ሲሊንደር) የሚገፋው ዘንግ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከኦሪጂናሉ አይገጥምም። ከረዘመ ፍሬኑ ሳይረገጥ እንደተያዘ ይቀርና ሸራውና ዲስኩ ይቃጠላሉ፤ ካጠረ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል። የሚስተካከል ብሎን ቢኖረውም ለክቶ የሚያስተካክል መካኒክ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ዋጋውም ሌላ። ሳጥኑ ላይ የታወቀ ስም መታተሙ ምንም አያረጋግጥም፤ ሳጥን ማሳተም ከሰርቮ መሥራት ይቀላል።

ያገለገለውን፣ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራም ይምጣ ከአገር ቤት ከፈረሰ መኪና፣ ሳትፈትሹ አትክፈሉ። ማስተሩ በሚገባበት ቀዳዳ ጣት ወይም ንጹሕ ጨርቅ አስገቡ፤ የፍሬን ዘይት ካረጠበው ጎማው ተበልቷልና ተዉት። በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ሲሳብ መርፌው ሳይወርድ መቆየት አለበት። ከቀኝ መሪ መኪና የወጣ ከሆነ የፔዳል መያዣው ላይገጥም ስለሚችል አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተያዩ። ሻጩ ተገጥሞ እስኪሞከር ገንዘቡን ለመያዝ ወይም ለመመለስ ከተስማማ ጥቂት ጨምሬ እከፍላለሁ፤ ካልተስማማ በግማሽ ዋጋም አልገዛም።

ተከፍቶ ጎማው የተለጠፈ ሰርቮን አልመክርም። በተጣጠፈ ቆርቆሮ ታሽጎ በውስጡ ጠንካራ ስፕሪንግ የያዘ ዕቃ ነው፤ በመዶሻ ተከፍቶ በመዶሻ ሲዘጋ አየር ያሾልካል።

የትኛውንም ብትገዙ የአሮጌውን ማስተር ጀርባ እዩ። ከዚያ ዘይት እየሾለከ ከሆነ አዲሱንም ሰርቮ ይገድለዋል፤ የማስተሩን ጎማዎች በዚያው ማስቀየር ሁለተኛ የእጅ ዋጋ ያድናል።

የናፍጣ ሃይስ ባለቤቶች ግን ጉዳያችሁ ሌላ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በቂ ቫኪዩም ስለማይሰጥ በቶዮታ 2ኤልና 5ኤል ሞተሮች ላይ ቫኪዩሙን የሚፈጥረው ከዳይናሞው ጀርባ ያለው በሞተር ዘይት የሚለሰልስ ፓምፕ ነው። ፔዳሉ ከጠነከረ ከሰርቮው በፊት የፓምፑን መሳብና የዘይት መስመሩን ፈትሹ። ዳይናሞ ስትገዙ ፓምፕ የሌለውን ርካሽ ዋጋ ፓምፕ ካለው ጋር አታወዳድሩ። ባትሪያችሁ በደንብ እየተሞላ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ሙሉውን ዳይናሞ ቢያቀርብላችሁም ፓምፑን ለብቻው ፈትቶ እንዲሸጥላችሁ ጠይቁ።