መርፌ አልባው የኢንሱሊን መውጊያ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ሁሉም የሚጠይቀኝን ላስቀድም። ያማል? አዎ፣ ትንሽ ያማል። ላስቲክ ወጥረው ሆድ ላይ የለቀቁበት ያህል ነው። አንዳንዴም ቦታው ይበልዛል።

ዕቃውን እህቴ ከሪያድ በሰው ነው የላከችልኝ። ወፍራም እስክሪብቶ ይመስላል። ውስጡ ጠንካራ ሞላ አለው። ጠምዝዤ እወጥረዋለሁ፣ ከብልቃጡ መጠኔን እስባለሁ፣ ሆዴ ላይ ቀጥ አድርጌ እጫነዋለሁ። ጧ! ኢንሱሊኑ ከፀጉር ትንሽ በምትወፍር ቀዳዳ ተወርውሮ ቆዳዬን አልፎ ይገባል።

የመጀመሪያው ሳምንት አበሳ ነበር። አንድ ጠዋት ከተወጋሁ በኋላ ሆዴን ስነካው ርጥብ ነው። ለካ ዘንበል አድርጌ ይዤዋለሁ። ምን ያህሉ እንደገባ በምን ልወቅ? ልድገም ብል ስኳሬ ሊወርድ ነው። ተውኩት። ከሰዓት ስኳሬን ስለካ 290 ገብቷል፣ በጣም ከፍ ያለ! አሁን ከጧታው በኋላ እስከ አምስት ሳልቆጥር አላነሳውም።

የደሴ ብርድም ጣጣ አለው። ከፍሪጅ እንደወጣ ከተወጋሁት ያቃጥለኛል። የእኔ ቶሎ የሚሠራውና ቀስ ብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን የተቀላቀለበት፣ 70/30 የሚባለው ስለሆነ ድሮም በመዳፍ መንከባለል አለበት። እያንከባለልኩ አሞቀዋለሁ። የአየር አረፋ ካለም መጠኑን ያጎድላል፤ መጠኔን ከሳብኩ በኋላ መውጊያውን ወደ ብርሃን ይዤ ሳላይ አልወጋም።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ፍጥነቱ ነው። በመርፌ ሲሆን ኢንሱሊኑ አንድ ቦታ ይቋጠራል። በዚህ ግን ከቆዳ ሥር ስለሚበተን ቶሎ ይሠራል። ይሄ የገባኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ተወግቼ "ቁርሴን ኮምቦልቻ እበላለሁ" ብዬ ወጣሁ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስኳሬ ወርዶ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ። አጠገቤ የነበሩ እናት "አብሽር ልጄ" ብለው ከፌስታላቸው ቴምር አጎረሱኝ። በማግስቱ ሐኪሜ ዘንድ ሄጄ መጠኑንም የምግብ ሰዓቱንም አስተካከልን። በራስ ግምት የሚነካካ ነገር አይደለም።

"ክኒኑ የለም ወይ?" የሚሉኝ አሉ። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ቢዋጥ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የፈቀደችው በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳብ የኢንሱሊን ዱቄት አለ። እሱ ግን የምግብ ሰዓቱን ብቻ ነው የሚሸፍነው። አስም ላለበት ደግሞ አይሆንም። እኔ አስም አለብኝ፤ ስለዚህ አልተመኘሁትም።

ጥቅሙስ? ያገለገለ መርፌ በሃይላንድ ጠርሙስ ማጠራቀም ቀርቶልኛል። እጄ ላይ መርፌ ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" የምለውም ቀረ። ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ አልለመድኩትም ነበር።

ክፉ ነገሩ ኢንሱሊኑ የሚወጣበት ጫፍ ነው። በየጊዜው መቀየር አለበት፣ እኔ ደግሞ ደሴ ፋርማሲዎች ጠይቄ አጥቻለሁ። ሁለት ጊዜ አልቆብኝ ወደ ሲሪንጅ ተመልሻለሁ። እህቴ በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ሰው አግኝታለች። እስከዚያ የቀሩኝ ሦስት ጫፎች ናቸው። ሲሪንጆቹም ፍሪጁ ላይ ተቀምጠዋል።