ፋይል ሲጠፋባችሁ በምን ትፈልጉታላችሁ? ኤቭሪቲንግ፣ ዶክፌቸር ወይስ የዊንዶውሱ ሰርች

«ፋይሌ ጠፋብኝ፣ ምን ፕሮግራም ልግዛ?» የሚል ስልክ በዝቶብኛል። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው። ምንም አትግዙ። ፋይልን በስሙ የሚፈልገውን ኤቭሪቲንግ የተባለ ፕሮግራም አውርዱ።

ይህን የምለው ገንዘቤን ከከሰከስኩ በኋላ ነው። አንዴ የቤት ኪራይ ውል ጠፋብኝና ላፕቶፔን ተሸክሜ ጥገና ቤት ሄድኩ። ለ«ሪከቨሪ»፣ ማለትም የተሰረዘ ፋይል ለማስመለስ፣ 2,000 ብር ከፈልኩ። ከሁለት ቀን በኋላ የተሰጠኝ ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ ፋይሎች የታጨቁበት ፎልደር ነው። ግማሹ አይከፈትም። ውሉ ግን መች ጠፋ! ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ፣ የሠርግ ፎቶዎች ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ሴቭ ሳደርግ እጄ ስቶ ነው። ያልተሰረዘ ፋይል ሪከቨሪ አያስፈልገውም። መጀመሪያ መፈለግ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ «የሚከፈልበት ይሻላል» ብዬ፣ በዶላር የሚሸጥ የመፈለጊያ ፕሮግራም «ፉል ቨርዥን» የተባለ ኮፒውን ከአንድ ሱቅ በ300 ብር አስጫንኩ። አንቲቫይረሱን ካላጠፋህ አይጫንም ተባልኩ። አጠፋሁት። ሳምንት ሳይሞላ ቫይረስ ገብቶ ፍላሼ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆኑ። ለፎርማት ሌላ 500 ብር ወጣ። በድምሩ 2,800 ብር፣ ያውም በነፃ ለሚገኝ ነገር።

ኤቭሪቲንግ ዋጋው ዜሮ ነው። ማውረጃው ራሱ ሁለት ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ የሞባይል ዳታም አይበላም። ከሠሪው ከቮይድቱልስ ገጽ ብቻ አውርዱት፤ ከሱቅ ፍላሽ አትቀበሉ። የሚፈጥንበት ምክንያት አለው። ዲስኩ የፋይሎቹን ስም ዝርዝር ራሱ ይዞ ይቀመጣል። ኤቭሪቲንግ ፎልደር በፎልደር ከመዞር ይልቅ ያንን ዝርዝር ያነባል። ሠሪው እንደሚለው አንድ ሚሊዮን ፋይል ለመመዝገብ አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ ፊደል ስትነኩ ውጤቱ ከሥር ከሥር ይመጣል።

የዊንዶውሱ ሰርችስ? እሱም ነፃ ነው። ችግሩ እንዳለ ከተተወ መዝግቦ የሚይዘው በዋናነት ዶኩመንትስ፣ ዴስክቶፕና ፒክቸርስ የመሳሰሉትን ነው። እኛ ደግሞ ፎርማት ሲደረግ እንዳይጠፋብን ሁሉን ነገር ዲ ላይ ነው የምናስቀምጠው። ስለዚህ ዲን ሲፈልግ ያቺ አረንጓዴ መስመር ትጎተታለች፣ ትጎተታለች፣ መጨረሻ ላይ ቆማ ትቀራለች። ከሴቲንግ «ኢንሃንስድ» የሚለውን ብትመርጡ ሙሉ ኮምፒውተሩን ይመዘግባል። በእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ዲስኩ መቶ ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ዎርድ እንኳ አልከፍት አለኝ። መልሼ አጠፋሁት።

ልዩነቱን እህቴ ላይ ነው ያየሁት። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አንድ ቀን ሲቀራት ደወለች። «ወንድምዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሠራሁት የለም!» ታለቅሳለች። ኤቭሪቲንግን አስጫንኳትና «ቲሲስ» ብለሽ ጻፊ አልኳት። አሥራ አራት ፋይል መጣ። ከላይ የቀን ዓምዱን ስትነካው መጨረሻ የተነካው ፋይል አናት ላይ ወጣ። «ቲሲስ ፋይናል የመጨረሻ 3» ይላል። ያለው ዳውንሎድስ ሥር፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። አማካሪዋ በቴሌግራም የላከላትን እዚያው ከፍታ ነበር የሠራችው። ዝም ብላ ትንፋሿን ስትስብ በስልክ ተሰማኝ። የእናንተም ፋይል ጠፋ ከተባለ መጀመሪያ እዚያ ፎልደር ውስጥ እዩ።

ስለ ፍላሽ አንድ ነገር ላክል። ብዙ ፍላሽ የሚሠራበት አሠራር ከኮምፒውተሩ ዲስክ ስለሚለይ ኤቭሪቲንግ በራሱ ላያየው ይችላል። ኦፕሽንስ ገብታችሁ፣ ፎልደርስ በሚለው ሥር ፍላሹን ጨምሩት። ቫይረስ የደበቃቸውን ፋይሎችም ያሳያችኋል። እኔ የሠርጉን ፎቶዎች እንዲህ ነው መልሼ ያገኘሁት።

ስሙን ከረሳችሁት፣ የምታስታውሱት ውስጡ ያለውን ቃል ብቻ ከሆነስ? እዚህ ላይ ዶክፌቸር ይበልጣል። እሱም ነፃ ነው። ኤቭሪቲንግም የፋይሉን ውስጥ ማንበብ ይችላል፣ ግን ይዘገያል። ዶክፌቸር የመረጣችሁትን ፎልደር አንዴ ያነብና ከዚያ በቅጽበት ይመልሳል። ዎርድም ፒዲኤፍም ያነባል። ሙሉ ቃል ስለሚፈልግ «ውል» ብላችሁ «ውልን» አያመጣም፤ መጨረሻው ላይ ኮከብ ጨምሩ። ኤጀንት ራንሳክም አለ። ምንም ሳይመዘግብ እዚያው ያነባል፣ ለአንድ ቀን ሥራ ይሆናል። ስካን የተደረገ ወረቀት ግን ፎቶ ነው፤ በእነዚህ ቃሉን አታገኙትም።

ኮፐርኒክና ኤክስዋን የሚባሉት መፈለጊያዎች በገንዘብ ናቸው። ክፍያው በዶላር፣ ያውም በየዓመቱ። የዓመታት ኢሜይል የሚያገላብጥ ቢሮ ይግዛው። ለቤት ሰው ግን ብክነት ነው።

አማርኛችን የራሱ ጣጣ አለው። «ፀሐይ» ተብሎ የተቀመጠውን «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጉት አይመጣም። ኤቭሪቲንግ ላይ በመካከል ቁም መስመር እያደረጋችሁ ሁሉንም ጻፉ፦ ፀሐይ|ጸሐይ|ፀሀይ|ጸሀይ። አንዱ ይይዛል።

የባሰው ድሮ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በአጋፋሪ፣ በእነዚያ የቆዩ የአማርኛ መጻፊያዎች፣ የተጻፈው ነው። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይታያችኋል እንጂ ከሥሩ ያለው የላቲን ምልክት ነው። በዛሬው ኪቦርድ «ውል» ብትሉ ዶክፌቸርም ምንም አያገኝም። እኔ በዚያው ፎንት የተጻፈ ሌላ ፋይል ከፍቼ ቃሉን ኮፒ አደርጋለሁ። መፈለጊያው ላይ ስለጥፈው የማይነበብ ነገር ይሆናል። ይሁን፣ እንደዚያው ፈልጉት። የአባቴን የ1996 ዓ.ም. የእድር መዝገብ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው።