ለሚራ አንድሬዬቫ አሰልጣኝ፣ ለኮንቺታ ማርቲኔዝ ምስጋና

የዛሬው ምስጋናችን ለስፔናዊቷ አሰልጣኝ ኮንቺታ ማርቲኔዝ ነው። ቴኒስ የሚጫወት ጎበዝ ልጅ ያላችሁ ወላጆችና ክለቦች፣ አሰልጣኝ ከመቅጠራችሁ በፊት የእሷን አሠራር ተመልከቱ።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የተረከበቻት ሩሲያዊት ሚራ አንድሬዬቫ ጀማሪ አልነበረችም። በ2007 ሳይቤሪያ ክራስኖያርስክ ተወልዳ፣ ከታላቅ እህቷ ከኤሪካ ጋር ያደገች ተጫዋች ናት። በ2023 ማድሪድ ላይ በልዩ ግብዣ ገብታ፣ 16 ዓመት በሞላት ዕለት ማግዳ ሊኔትን አሸነፈች። በዚያው ዓመት በዊምብልደን ከማጣሪያ ተነስታ አራተኛ ዙር ደረሰች። ችግሩም እዚያው ታየ፦ አሜሪካዊቷን ማዲሰን ኪስን አንድ ሰት (የጨዋታ ክፍል) አሸንፋ በሁለተኛው 4-1 ስትመራ ቆይታ ጨዋታው ከእጇ ወጣ፤ በራኬት ውርወራ ምክንያት ዳኛዋ ነጥብ ቀጣቻት። ችሎታ አላነሳትም፣ ንዴቷን መግራት ነበር የቀረው። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ተጫዋቾች በዓመት የሚሳተፉባቸው ውድድሮች በደንብ የተገደቡ ስለሆኑ፣ በንዴት የባከነ አንድ ሳምንት በቀላሉ አይተካም።

ኮንቺታ ይህን ከውስጥ ታውቀዋለች። በ1994 ዊምብልደንን ያነሳችው በፍጻሜው ማርቲና ናቭራቲሎቫን ረትታ ነው፤ በ2017 ደግሞ ስፔናዊቷ ጋርቢኔ ሙጉሩሳ ዊምብልደንን ስታሸንፍ በአሰልጣኝነት አብራት ነበረች።

በጣም የምናከብራት ግን የልጅቷን አጨዋወት ባለማፍረሷ ነው። በ2024 ሮላን ጋሮስ (የፈረንሳይ ኦፕን) ሩብ ፍጻሜ ሚራ ከዓለም ምርጦች አንዷ የሆነችውን አሪና ሳባሌንካን 6-7፣ 6-4፣ 6-4 ካሸነፈች በኋላ፣ ከአሰልጣኟ ጋር ያወጡትን ዕቅድ ሜዳ ላይ እንደረሳችውና በስሜቷ እንደተጫወተች ተናገረች። ይህን እንደ ንቀት የሚቆጥር አሰልጣኝ ብዙ ነው። የሚራ ጉልበት ግን ክፍት ቦታን ቀድሞ ማየት ነው፦ ተጋጣሚዋ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ መረብ ሥር ድሮፕ ሾት (መረቡን አልፎ ወዲያው የሚወድቅ ለስላሳ ምት) ትጥላለች፣ ወደ አንድ ጎን ስታጋድል ባክሃንዱን (የእጅን ጀርባ ወደ ፊት አድርጎ የሚመታውን ምት) በጎን መስመሩ ታሳልፋለች። እንዲህ ያለ ልጅ እያንዳንዱን ኳስ በትእዛዝ ይምታ ከተባለ እጁ ይታሰራል።

ጥንድ ጨዋታውም አልተተወም። ኮንቺታ ራሷ በጥንድ ሦስት የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች አሏት፤ ሚራም በፓሪስ 2024 ከዲያና ሽናይደር ጋር ብር አገኘች። መረብ ላይ ቆማ የምትጠብቅ ተጋጣሚ ስላለች፣ የሰርቭ (የመክፈቻ ምት) መልስ ዝቅ ብሎ ካልሄደ ወዲያው ይቀጣል። ለነጠላ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ የመልስ ልምምድ አናውቅም።

ውጤቱን በሳባሌንካ መለካት ይቻላል። በጃንዋሪ 2025 ብሪዝበንና ሜልበርን ላይ ሚራን ሁለቴ በሰፊው አሸነፈቻት። በፌብሩዋሪ ሚራ ዱባይን ወሰደች፤ የደብሊውቲኤ 1000 (ከፍተኛ ደረጃ ካላቸው የሴቶች ቴኒስ ውድድሮች አንዱ) ያሸነፈች በዕድሜ ትንሿ ተጫዋችም ሆነች። በማርች ኢንዲያን ዌልስ ፍጻሜ ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን ሰት 2-6 ተሸንፋ፣ ቀጣዮቹን 6-4፣ 6-3 አሸንፋ ሳባሌንካን ረታች። ገና 17 ዓመቷ ነበር።

አሰልጣኝ ስታነጋግሩ ይህን ጠይቁት፦ ከልጁ አጨዋወት ምኑን አትነካም? መልስ ከሌለው ሌላ ፈልጉ። ኮንቺታ፣ እናመሰግናለን።